«ጣለው» ከማለታችሁ በፊት አራት ቁጥር

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ጋዜጣችሁ ደሴ የሚደርሰን ቀኑ አልፎ ነው። እኔም የማነበው ሠፈራችን ሻይ ቤት ተራ ጠብቄ ነው። ስለዚህ ደብዳቤዬ ዘግይቶ ቢደርሳችሁ አትፍረዱብኝ።

በጥያቄና መልስ ዓምዳችሁ አንድ አንባቢ አሮጌ ዴስክቶፕ ኮምፒውተሩ ድምፅ አላወጣ እንዳለው ጽፎ ነበር። ውስጡ ያለው የድምፅ ካርድ ሳውንድ ብላስተር 16 መሆኑንም ነግሯችኋል። ጥሩ ጠያቂ ነው፤ ብዙ ሰው የካርዱን ስም እንኳ አያይም። መልስ ሰጪያችሁ ግን በሁለት መስመር ገላገሉት። ዘመኑ አልፎበታል፣ ነቅለህ ጣለው፣ አዲስ ግዛ። በቃ።

ሳነበው ሻዬ እጄ ላይ ቀዘቀዘ። ምክንያቱም ያው ካርድ ሱቄ ውስጥ አለ። ትናንትም ሠርቷል። ዛሬ ጠዋትም ሠርቷል።

እኔ ራዲዮና ቴፕ ጠጋኝ ነኝ። ፒያሳ አካባቢ ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ዕድሜዬን የፈጀሁት በብየዳ ጢስ ነው። አሁን ግን ራዲዮ ይዞ የሚመጣ ሰው ጠፍቷል። የሚመጣው ካሴት ነው። የሠርግ ካሴት፣ የመንዙማ ካሴት፣ የመዝሙር ካሴት፣ ከጅዳና ከቤሩት በሰው እጅ የተላከ የድምፅ ደብዳቤ። «ወደ ፍላሽ አድርግልኝ» ይሉኛል። እኔም አደርጋለሁ። በዚህ ነው የምኖረው።

ለምን በአዲስ ላፕቶፕ አትሠራም የሚለኝ አይጠፋም። ሞክሬዋለሁ። የእህቴ ልጅ ላፕቶፕ አንዲት ቀዳዳ ነው ያለችው፣ እሷም የማይክ ናት። ማይክ ደግሞ ደካማ ድምፅ ነው የሚጠብቀው። ከቴፑ የሚወጣውን ጠንካራ ድምፅ እዚያ ስትሰካው እየተሰነጣጠቀ ይገባል። ግራና ቀኙም አንድ ላይ ይደባለቃል። በርካሽ የሚሸጡት የዩኤስቢ ካርዶችም አብዛኞቹ እንደዚያው ናቸው። ሳውንድ ብላስተር 16 ግን ላይን ኢን የሚባል ራሱን የቻለ መግቢያ አለው። ከቴፕ ለሚመጣ ድምፅ የተሠራ፣ ግራና ቀኙን የሚለይ። በዛሬዎቹ ኮምፒውተሮች ላይ መግቢያው ሰማያዊ ነው። በእኔ ካርድ ላይ ቀለም የለም፤ ብረቱ ላይ የተቀረጸውን ትንሽ ምልክት በባትሪ እያበሩ ማየት ነው።

ኮምፒውተሩን የገዛሁት አንድ መሥሪያ ቤት አሮጌ ዕቃ በጨረታ ሲያወጣ ነው። ፔንቲየም 3 ነው። ማዘርቦርዱ፣ ማለትም ዋናው ሰሌዳ ላይ፣ ካርድ ከሚሰካባቸው ከነጫጮቹ የፒሲአይ ስሎቶች ጎን አንዲት ረዥም ጥቁር ስሎት ነበረች። አይኤስኤ ትባላለች። ኢንጂነር ላልሆነ ሰው ምንም አይደለችም። እኔ ግን ሳያት የድሮ ጓደኛ መንገድ ላይ ያገኘሁ ያህል ነበር የተሰማኝ። ካርዱ እዚያችው ላይ ተሰክቶ አቧራ ጠጥቷል።

አብርቼው ድምፅ የለም። ሃርድ ዲስኩ ባዶ ነበር፤ የእህቴ ልጅ ለክረምት ሲመጣ ሊኑክስ የሚባለውን፣ እንደ ዊንዶውስ ያለ የኮምፒውተር ሥርዓት ጫነልኝና ወደ ዩኒቨርሲቲው ተመለሰ። ድምፁን ሳያየው ሄደ። እኔም ችኩል ነኝና ካርዱን ነቅዬ ወደ አንድ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ወሰድኩት። ልጁ ካርዱን አገላብጦ አየው። ከዚያ አሸተተው። አዎ፣ አሸተተው! «ተቃጥሏል» አለኝ። የማያ ብሎ ገንዘብ ተቀበለኝ። ምንም ነገር ላይ አልሰካውም። እኔ ስንት የተቃጠለ ትራንዚስተር ያሸተትኩ ሰው ነኝ፤ ያ ካርድ የሚሸተው አቧራ ነበር። አፍ አውጥቼ አልተናገርኩም። በኮምፒውተር ጉዳይ ወጣቶቹ ይበልጡኛል ብዬ ነው። ቤቴ ስገባ ግን አንጀቴ እርር አለ።

ያን ማታ ስሎቱ ውስጥ የሚገቡትን የካርዱን ጥርሶች በተማሪ ላጲስ አሸሁ። ወርቃማው ቀለም እስኪታይ ድረስ። መልሼ ሰካሁት። ከዚያ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ይኼ ካርድ ቁጥር ነበር የሚፈልገው። የተማርኩት ነገር ነው።

በ1988 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሦስት ወር ኮምፒውተር ተምሬአለሁ። ዶስ የሚባለውን የያኔውን የኮምፒውተር ሥርዓት፣ ወርድፐርፌክት፣ ሎተስ። የዚያን ጊዜ ሰው ሁሉ ይቺን ያውቃታል። ክፍላችን ውስጥ ድምፅ ያለው ኮምፒውተር አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የመምህራችን። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ አንድ መስመር ጻፉ። ሴት ብላስተር፣ እኩል ይሆናል፣ ኤ220፣ አይ5፣ ዲ1፣ ኤች5፣ ቲ6። «ይቺ ከሌለች ድዳ ነው» አሉን። እኔ ትርጉሙን ሳላውቅ እንደ ዳዊት በቃሌ ያዝኳት። ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተር ሳልነካ ብዙ ዘመን አለፈ፤ መስመሯ ግን ከአፌ አልጠፋችም። የልጆቼን ስልክ ቁጥር እረሳለሁ፣ እሷን አልረሳም።

ትርጉሟን አሁን ላስረዳ። ለዚያ አንባቢ ነው የምጽፈው።

ኮምፒውተሩ መሥሪያ ቤት ነው በሉ። በውስጡ ያለ ዕቃ ሁሉ ፖስታ ሣጥን ቁጥር አለው። ፕሮሰሰሩ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ አንጎል፣ ለድምፅ ካርዱ ትእዛዝ ሲኖረው በዚያ ሣጥን ያስቀምጥለታል። ይህ ፖርት ይባላል። የሳውንድ ብላስተር የተለመደው ሣጥን 220 ነው። 240፣ 260 እና 280 ማድረግም ይቻላል። በእኔ ካርድ ላይ ይህ የሚወሰነው በጃምፐር ነው። ጃምፐር ማለት ሁለት የብረት እሾህ የምታገናኝ ትንሽ ጥቁር ቆብ ናት። በጥፍር ነቅሎ ማዛወር ነው። ከጠፋች ግን ፈልጎ ማግኘት ጭንቅ ነው፤ መሬት ላይ ከወደቀች እንደ ተልባ ናት።

ሁለተኛው ደወል ነው። ካርዱ የተሰጠውን ቁራጭ ድምፅ አጫውቶ ሲጨርስ «ሌላ አምጡ» ብሎ ይደውላል። የደወሉ መስመር አይአርኪው ይባላል። መስመሮቹ ከ0 እስከ 15 ድረስ 16 ናቸው። አብዛኞቹ ከጥንት ጀምሮ ባለቤት አላቸው። 1 የኪቦርድ ነው። 6 የፍሎፒ። 7 የፕሪንተር። 14 እና 15 የሃርድ ዲስክና የሲዲ። ለድምፅ ካርድ የሚሰጠው በተለምዶ 5 ነው። አይኤስኤ ላይ ያለ ካርድ ደወሉን ከጎረቤት ጋር አይካፈልም። እዚህ ላይ ነው ጠቡ የሚነሳው፤ እመለስበታለሁ።

ሦስተኛውና አራተኛው ተሸካሚዎች ናቸው። ባለሱቁ ከወንበሩ ሳይነሳ ጭነት የሚያወርድለት የቀን ሠራተኛ የለም? እንደዚያ። ፕሮሰሰሩ ሥራውን ሳያቋርጥ ድምፁን ከሜሞሪ ወደ ካርዱ ያመላልሳሉ። ዲኤምኤ ይባላሉ። ሳውንድ ብላስተር 16 ሁለት ይቀጥራል። ለ8 ቢት ድምፅ ቁጥር 1፣ ለ16 ቢት ድምፅ ቁጥር 5። የተሸካሚው 5 እና የደወሉ 5 አይገናኙም። ቁጥራቸው ብቻ ነው የተመሳሰለው። እኔ ይህን ለመረዳት አንድ ሳምንት ፈጅቶብኛል።

መምህራችን የጻፏት መስመር እንግዲህ ይህችው ነበረች። «ሴት» ያልኩት እንግሊዝኛ ነው፣ «አድርግ» ማለት። ኤ ሣጥኑ፣ አይ ደወሉ፣ ዲ እና ኤች ተሸካሚዎቹ። መጨረሻ ላይ ያለችው ቲ6 «ካርዱ ሳውንድ ብላስተር 16 ነው» ማለት ናት።

ካርዱን የሠራው የሲንጋፖሩ ክሪኤቲቭ ነው። ሲም ዎንግ ሁ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1981 ያቋቋመው ድርጅት። የመጀመሪያው ሳውንድ ብላስተር በ1989 ወጣ፤ 16ቱ በ1992። እሳቸው በ2023 መጀመሪያ ላይ ማረፋቸውን በራዲዮ ሰማሁ። ሱቄ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ካርዱን ቀና ብዬ አየሁት። ሌላ ምን ይደረጋል።

ወደ ሊኑክስ ልመለስ። ይህ ካርድ ድራይቨር፣ ማለትም ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያነጋግረው ፕሮግራም፣ የለውም የሚል ካለ ተሳስቷል። ሊኑክስ ላይ የድምፁ ሥርዓት አልሳ ይባላል። በውስጡ ለዚህ ካርድ የተጻፈ ድራይቨር አለ። ከርነሉ ከሚባለው ከሊኑክስ እምብርት ጋር አብሮ ነው የሚመጣ፣ ከየትም ማውረድ አያስፈልግም። ግን ድራይቨሩ አንድ ነገር በራሱ ይገምታል። ካርዱ ሲጠሩት ስሙን የሚናገር፣ ፕላግ ኤንድ ፕሌይ፣ በአጭሩ ፒኤንፒ የሚባለው ዓይነት ነው ብሎ ያምናል። የእኔ ካርድ ከዚያ በፊት የተሠራ ነው። የድሮ ሰው ነው፤ ቤቱ ድረስ ሄደው በሩን ካላንኳኩለት አይወጣም። ስለዚህ ለድራይቨሩ «ስሙን አትጠብቅ፣ እዚህ ቦታ ነው ያለው» ብሎ መንገር ያስፈልጋል።

የእህቴ ልጅ ጋ ደወልኩ። ዶርም ውስጥ ነበር፣ ጫጫታ ነው።

«ጋሼ፣ ወረቀት ይዘዋል?»

«ይዣለሁ።»

«ኢቲሲ ውስጥ ሞድፕሮብ ዲ የሚል ፎልደር አለ። እዚያ አዲስ ፋይል ይክፈቱ። ኦፕሽንስ ይበሉ። ቀጥሎ ኤስኤንዲ ሰረዝ ኤስቢ16። አይኤስኤፒኤንፒ እኩል ይሆናል ዜሮ። ፖርት እኩል ይሆናል 220። አይአርኪው 5። ዲኤምኤ8 እኩል 1። ዲኤምኤ16 እኩል 5።»

«ስሙን አትጠብቅ» የሚለው ያ አይኤስኤፒኤንፒ ዜሮ ነው። ጻፍኩ። አስነሳሁት። የካርዶቹን ዝርዝር ከፍቼ አየሁ። ምንም የድምፅ ካርድ የለም ይላል።

ካርዱ እኮ ፊቴ ነው! ክዳኑ ተከፍቷል፣ አያለሁ፣ በጣቴ እነካዋለሁ። እሱ የለም ይለኛል። እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ድረስ ተቀምጬ ነበር። ሰረዙን ቀይሬአለሁ። ክፍት ቦታውን ቀይሬአለሁ። ያ ካርዱን ያሸተተው ልጅ ልክ ሳይሆን አይቀርም ማለት ጀምሬ ነበር። ደሴ ሌሊት እንዴት እንደሚበርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጭጋግ በበሩ ሥር ነው የሚገባ።

በማግሥቱ የእህቴ ልጅ ራሱ ደወለ።

«ጋሼ፣ ከ220 በፊት ዜሮ ኤክስ አስቀድመዋል?»

«የምን ኤክስ?»

ዝም አለ። ከዚያ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ 220 እኛ ገበያ ላይ የምንቆጥርበት 220 አይደለም። በ16 ቤት የሚቆጠር ነው። በእኛ አቆጣጠር 544 ነው። ዶስ ይህን ያውቅ ስለነበር ምንም ምልክት አያስፈልገውም ነበር። ሊኑክስ ግን ከፊቱ ዜሮና ኤክስ ካላየ ተራ ቁጥር ነው ብሎ ይወስደዋል። ያለዚያ ምልክት 220 ያልኩት ሣጥን የዲኤምኤው ተቆጣጣሪ ነው። የሰው ደጅ ሳንኳኳ ነው ያደርኩት። እኔ ደግሞ በሙያዬ 220 ሲባል ወደ አእምሮዬ የሚመጣው የመብራቱ ቮልት ነው፤ ኤክስ የሚባል ነገር ከየት አባቱ ይመጣል?

ሁለታችንም አልዋሸንም። እኔ የዶሱን ልማድ ይዤ ነበር፣ እሱ ምልክቷን የሚጽፋት እጁ እንጂ አፉ አይደለም። በስልክ መሐል ወደቀች። ሁለት ፊደል ናት፤ አንድ ሌሊት በላችኝ።

አስተካከልኩ። አሁን ደግሞ ሌላ መልእክት። አይአርኪው 5ን መያዝ አልቻልኩም ይላል። ይህን ስሰማ ግን ደስ አለኝ። ለምን ብትሉ፣ ቢያንስ ካርዱን አግኝቶታል። ሣጥኑ ልክ ነው፣ ደወሉ ነው የተያዘው። የደወሎቹን ዝርዝር የሚያሳይ ፋይል አለ፣ ፕሮክ ውስጥ ኢንተራፕትስ የሚባል። ከፍቼ ሳይ የኔትወርክ ካርዱ 5ን ይዞ ተቀምጧል። ኬብል እንኳ ያልተሰካበት!

ደወሉን 10 ብዬ መለወጥ እችል ነበር። ይህ ካርድ ሣጥኑን በጃምፐር ይቀበል እንጂ ደወሉንና ተሸካሚዎቹን ከድራይቨሩ ነው የሚቀበል፤ አይከፋውም። ግን እልህ ያዘኝ። 5 ብለውኛል መምህሬ፣ 5 ይሆናል። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ዴሊት ተጭኜ ባዮስ ወደሚባለው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ገባሁ። ፒኤንፒ እና ፒሲአይ የሚለው ገጽ ላይ የደወሎቹ ዝርዝር አለ። 5 ላይ ሄጄ «ለአሮጌው አይኤስኤ ይቀመጥ» የሚለውን መረጥኩ። ሌጋሲ አይኤስኤ ይላል እንግሊዝኛው። ሲነሳ የኔትወርክ ካርዱ ሌላ ደወል ተሰጠው፣ 5 ለእኛ ቀረ።

የካርዶቹን ዝርዝር ከፈትኩ። በቁጥር 0 ላይ ሳውንድ ብላስተር 16፣ ሣጥኑ፣ ደወሉ፣ ተሸካሚዎቹ ተዘርዝረው ተቀምጠዋል። እንደ መታወቂያ። እልል ልል ትንሽ ነው የቀረኝ።

ድምፅ ግን የለም።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ተስፋ ይቆርጣል። የእናንተም ጠያቂ ምናልባት የቆመው እዚህ ሊሆን ይችላል። አልሳ ካርዱን መጀመሪያ ሲያገኘው የድምፅ መስመሮቹን ዘግቶ ሊያስቀምጥ ይችላል። አልሳሚክሰር የሚባለውን ሲከፍቱ በየመስመሩ ሥር ሁለት ኤም ካዩ ተዘግቷል ማለት ነው። ኤም የምትለዋን ቁልፍ ይጫኑ፣ ይከፈታል። ከዚያ በቀስቱ ወደ ላይ። ለመቅዳት ደግሞ በኤፍ4 ወደ መቅጃው ገጽ ሄዶ፣ ላይን የሚለው ላይ ሆኖ የክፍት ቦታ ቁልፉን መጫን ነው። ይህን ካልመረጡ ቴፑ እየዞረ ባዶ ፋይል ነው የሚቀዱት። እኔ አንድ ሙሉ መንዙማ እንዲህ ባዶ ቀድቻለሁ። ግማሽ ሰዓት ጸጥታ።

ማይክ የሚጠቀም ሰው ካለ አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ድራይቨር የማይኩን ድምፅ በራሱ ከፍ ዝቅ የሚያደርግ አማራጭ አለው፤ ሳይነኩት ክፍት ነው። ሰውየው ትንፋሽ ሲወስድ ሹሹታው እንደ ዝናብ ከፍ ይላል። ማይክ ኤጂሲ የሚለውን 0 ማድረግ ነው።

ካርዱ ንጹሕ ነው ብዬ አልዋሽም። ሹሹታ አለው። አዲስ ጥሩ ካርድ ይበልጠዋል፤ መልስ ሰጪያችሁ እዚህ ላይ አልተሳሳቱም። የካሴት ሹሹታ ግን ከዚያ ይበልጣል። አርባ ጊዜ የተደመጠ ካሴት ላይ የካርዱን ሹሹታ ለይቶ የሚሰማ ጆሮ ያለው ሰው ይምጣና እጁን ልሳም።

የቀዳሁት የመጀመሪያው ካሴት የአንዲት እናት ነው። እማማ እላቸዋለሁ። ልጃቸው ጅዳ ሳለች እሳቸውና ባለቤታቸው በየተራ ድምፃቸውን ቀድተው ሊልኩላት ነበር። የሚሄደው ሰው ሳይደርስባቸው ቀረና ካሴቱ ሣጥን ውስጥ አደረ። ሰውየው ካረፉ ቆይተዋል። የ60 ደቂቃ ካሴት ነው፤ በሲዲ ጥራት ሲቀዳ ወደ 635 ሜጋባይት ይሆናል። በሰከንድ 44,100 ጊዜ ነው ድምፁን የሚለካው፣ ለግራም ለቀኝም። እማማ ጆሮ ማዳመጫውን በነጠላቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። የእሳቸው ክፍል አለፈ። ከዚያ የባለቤታቸው መጣ። ሲያስሉ ይሰማል። ዶሮ ይጮኻል። ቀጥለው ለልጃቸው «በሬውን በ900 ሸጥኩት» አሉ።

እማማ ቀና አሉ። «በ700 ነው ያለኝ!» አሉ።

ደግመው አስደመጡኝ። ሦስተኛም ጊዜ። እየሳቁ ነው፣ ዓይናቸው ግን ሞልቷል። «200 ብሩን የት አደረሰው?» እያሉ ነው ከሱቄ የወጡት።

ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ አንድ ቀን መብራት ሄዶ አደረ። ጠዋት ሲመጣ ኮምፒውተሩን አበራሁ፣ ካርዱ የለም። እንደገና! ቀኑ የ1990ዎቹ ሆኗል። ያን ጊዜ ገባኝ። ማዘርቦርዱ ላይ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች ባትሪ አለች፤ ሲአር2032 የምትባል፣ ሰዓት ቤት የምትሸጥ። ሞታለች። መብራት ሲሄድ ባዮሱ የነገርኩትን ሁሉ ይረሳል፤ ደወል 5ም ወደ ኔትወርክ ካርዱ ይመለሳል። ራዲዮ ጠጋኝ ሆኜ ባትሪ አለማየቴ ያሳፍራል። አዲስ አስገባሁ። ግን ባዮስ ውስጥ የትኛው ገጽ ላይ ምን እንዳልኩ አልጻፍኩም ነበር። ቁጥሮቹን የጻፍኩባት ወረቀትም የለችም፤ ቆሎ ተጠቅልሎባታል። ግማሽ ቀን እንደገና ሄደ።

ከዚያ በኋላ ነው ነጭ ፕላስተር ቆርጬ የኮምፒውተሩ ክዳን ውስጥ የለጠፍኩ። ሣጥን፦ ዜሮ ኤክስ 220። ደወል፦ 5፣ ባዮስ ላይ ለአይኤስኤ ተይዟል። ተሸካሚ፦ 1 እና 5። አይኤስኤፒኤንፒ፦ 0። የባትሪው ቀንም አለበት። እስክሪብቶው እንዳይደበዝዝ ሌላ ግልጽ ፕላስተር ደረብኩበት።

አዘጋጆች ሆይ፣ የምለምናችሁ ይህን ነው። መልስ ሰጪያችሁ ያንን መልስ ያርሙልን። ለአንባቢው መጀመሪያ ካርዱን በላጲስ እንዲያጸዳ፣ ባትሪውን እንዲያይ፣ ቁጥሮቹን እንዲሞክር ይንገሩት። እነዚያን ቁጥሮች በአማርኛ ፊደል አትሙልን፤ ኪቦርድ ላይ በእንግሊዝኛ እንደሚጻፉ ሰው ያውቃል። እስካሁን ያየሁት በእንግሊዝኛ ብቻ ነው፣ እኔ ደግሞ እንግሊዝኛዬ የብየዳ ዕቃ ካርቶን ከማንበብ አያልፍም። የእህቴ ልጅ ስልክ ባያነሳ ኖሮ ካርዱን እኔም ጥዬው ነበር። ያልተቃጠለ ካርድ፣ ብየዳው ውስጥ እርሳስ ያለበት፣ ቆሻሻ ላይ።

ባዮሱ የእኔን ዓይነት ካልሆነ ገጹ ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል፤ ፒኤንፒ የሚለውን ቃል ይፈልግ። ካርዱ ላይ ያለው ጃምፐር 240 ላይ ከሆነም ቁጥሩን እንደ ጃምፐሩ ያድርግ። የፈለገ ሰው ደሴ ፒያሳ መጥቶ ራዲዮ ጠጋኙ ቢል ያሳዩታል።

አንባቢው እናንተን ሰምቶ ካርዱን ጥሎት ከሆነ ደግሞ የት እንደጣለው ይንገረኝ። የእኔ ካርድ ያለ መለዋወጫ ነው ያለ፤ አንዷ ጃምፐርም ጠፍታብኛለች።

አክባሪያችሁ
ራዲዮና ቴፕ ጠጋኙ፣ ከደሴ